ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ይፈሳል፣ አሁን ደግሞ «ውስጡ ቆዳ በቅሏል» አሉኝ፤ ያለፈበት ሰው አለ?

ቀፊራ_ሱቅ · ማክሰኞ ማታ

ያ ጀማዓ ሰላም ናችሁ። እዚህ ሁሌ አንባቢ ነኝ፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። 27 አመቴ ነው፣ ድሬ ነኝ፣ ቀፊራ ጨርቅ ሱቅ ነው የምሰራው። ግራ ጆሮዬ ከ9 አመቴ ጀምሮ ይፈሳል። ያኔ ጉንፋን ይዞኝ ታመመ፣ ፈሰሰ፣ ከዛ ወዲህ ለቀቀኝ ሲባል ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ጠብታ ይሰጡኛል፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ይደርቃል፣ ደግሞ እንደገና። ቤት ውስጥ «የልጅነት ጆሮ ነው፣ ስታድጊ ይለቅሻል» ይባል ነበር፣ ይኸው አደግኩ አልለቀቀኝም።

ማፍሰሱንስ ለምጄዋለሁ፣ የጎዳኝ ሽታው ነው። ጠዋት ስነሳ ትራሱ ላይ ቢጫ ክብ አለ፣ እናቴ ሳታየው የትራሱን ልብስ ራሴ አጥበዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲመጣ ሁሌ በቀኜ በኩል እንዲሆን አድርጌ ነው የምቆመው፣ አንድም እንድሰማው አንድም እንዳይሸተው፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ሻሼን ሽቶ ረጭቼ በግራ በኩል አወርደዋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ «ኩክ ነው» ብለው ውሃ በሲሪንጅ ሲነፉብኝ ቤቱ ዞሮብኝ አስታወከኝ። ከዛ ወዲህ ሲበላኝ የጆሮዬን በር በጣቴ ጫን ካደረግኩት ራሱ ያዞረኛል። በመጨረሻ ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩና በካሜራ አሳየኝ። ከታምቡሩ ላይኛው ጥግ ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ ከሷ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ሲፈረፈር የሚመስል። «ኮሌስቲያቶማ ነው፣ ያለቦታው የገባ ቆዳ ነው፣ ጠብታ አያጠፋውም፣ ኦፕሬሽን ነው» አለኝ።

እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። የፊት ነርቭ እዛው ጋ ነው ሲባል ሰምታለች፣ «ፊትሽን አጣመው ይመልሱልኛል» ብላ አይሆንም አለች። ካንሰር ነው እንዴ? በመድሃኒት አይሆንም? የተሰራለት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

የመጋላ_እናት · ማክሰኞ ማታ

ልጄ አብሽሪ፣ አትፍሪ። የኔም ልጅ ጆሮው ይፈስ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ጠብሼ ለብ ሲል ሁለት ሁለት ጠብታ ሳደርግለት ነው የተወው። ሐበሱዳ ዘይትም ጥሩ ነው። ለኦፕሬሽን አትቸኩሉ ወላሂ።

---

ሲስተር_ሐረር · ረቡዕ ጠዋት

ሐረር ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ጆሮ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል 6 አመት ሰርቻለሁ። ያለችበትን ሁኔታ የሚያውቀው ያያት ሐኪም ነው፣ እኔ በስራ ላይ የማውቀውን ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ እማማ፣ እርሶን ሳላከብር አይደለም፣ ግን ዘይቱን እባካችሁ ተዉት። ታምቡሩ ክፍት ከሆነ የምንጨምረው ነገር ሁሉ በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ነጭ ሽንኩርት ክንድ ላይ ታስሮ ቢያድር እንኳን ቆዳ ያቃጥላል፣ እዛ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የልጆት ጆሮ የተወው ምናልባት በራሱ የሚድን አይነት ስለነበር ነው፣ ብዙ የልጅ ጆሮ እንደዛ ነው። የዚች ልጅ ግን ሌላ ነው።

ኮሌስቲያቶማ የሚባለው ይሄ ነው። የጆሮ ቱቦ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መጨረሻው ላይ ታምቡሩ አለ። ከታምቡሩ ወዲህ ያለው ቆዳ ነው፣ ከታምቡሩ ወዲያ ያለው ግን እንደ አፍንጫ ውስጥ ያለ ስስ እርጥብ ሽፋን ነው፣ ቆዳ እዛ መግባት የለበትም። ታዲያ እንዴት ይገባል? ከጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ከድሬ ደንገጎን ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ይልና ምራቅ ስትውጡ ጧ ብሎ የሚከፈተው እሱ ነው። ይሄ ቱቦ በልጅነት በጉንፋን ብዛት በደንብ ሳይከፈት ሲቀር ውስጥ ያለው አየር ያንስና ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ላይኛው ጥግ ላይ ስስ ስለሆነ እዛ ጋ ኪስ ይሰራል። ቆዳ ደግሞ የትም ይሁን የት ይረግፋል፣ የክንዳችን ታጥቦ ይሄዳል፣ ኪስ ውስጥ የረገፈው ግን መውጫ የለውም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ ይጠራቀማል፣ ይረጥባል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ያ ክፉ ሽታ ከዛ ነው የሚመጣው። በተቀደደ ታምቡር ጠርዝ በኩል የሚገባም አለ፣ ጥቂት ልጆች ደግሞ ይዘውት ይወለዳሉ። እህቴ፣ ሽታው ካንቺ ንጽህና ጋር ምንም አይገናኝም፣ ይሄን እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሴቶች በዚህ ተሳቀው ነው አመታት ቤት የሚቀመጡት።

ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ዘሎ አይሄድም። ስሙ ራሱ በስህተት የወጣ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሙለር የሚባል የጀርመን ሳይንቲስት የስብ ዕጢ መስሎት ሰየመው፣ ስብም ዕጢም አይደለም፣ ቆዳ ነው።

ግን ካንሰር አይደለም ማለት ይቆይ ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም አጥንት ይበላል። ከታምቡሩ ኋላ ድምፅ የሚያስተላልፉ ሶስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፣ ብዙ ጊዜ መሃለኛዋ ቀድማ ትበላለች፣ መስማት የሚቀንሰው ለዛ ነው። ከዛ አልፎ የሚዛን ቱቦውን፣ ማለት ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሆኖ ሚዛናችንን የሚጠብቀውን ቱቦ፣ ሽፋኑን ከበላው ማዞር ይመጣል። ጫን ሳደርገው ያዞረኛል ያልሽው እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው፣ ለሐኪሙ ነግረሽው ካልሆነ ዛሬ ደውለሽ ንገሪው። ከላይ ደግሞ ጆሮንና አንጎልን የሚለየው አጥንት ስስ ነው። የፊት ነርቭም በዛው ውስጥ ያልፋል፣ እናትሽ እውነቷን ነው፣ ግን በሽታው ራሱ እዛው ተቀምጦ ነርቩን ሊበላው እንደሚችል ንገሪያት። ኦፕሬሽኑ አደጋ የለውም አልልም፣ ሐኪሙ ግን በማይክሮስኮፕ እያየ ነው የሚሰራው፣ ነርቩ ላይ ጉዳት የሚደርሰው ጥቂት ሰው ላይ ነው። ዝም ብሎ የተተወው ግን ማንም ሳያየው ነው የሚሄደው።

ጠብታ ኢንፌክሽኑን ያደርቃል፣ ኪሱን አያወጣውም፣ ለዛ ነው ሁለት ሳምንት ደርቆ የሚመለሰው። ደግሞ ሁሉም ጠብታ አይሆንም። ጄንታማይሲን ያለበት ታምቡሩ ለተቀደደ ሰው የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፣ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባለው ጠብታ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

ፊት አንድ ጎኑ ከሰነፈ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከትኩሳትና ማስታወክ ጋር ከመጣ፣ አንገት ከደረቀ፣ ከጆሮ ጀርባ ካበጠ፣ ቀጠሮ የለም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

---

ሳቢያን_ሹፌር · ረቡዕ ማታ

እህት እኔ ቀኝ ጆሮዬን በ2010 ተሰርቻለሁ፣ አዲስ አበባ። ፊቴ ደህና ነው፣ እናትሽ ይሄን አንብቢላት።

ከመሰራቴ በፊት ሐኪሙ አንድ ሹካ የምትመስል ብረት ጉልበቱ ላይ መትቶ ግንባሬ ላይ አቆማት። «በየቱ ጆሮህ ነው የምትሰማው?» አለኝ። በታመመው! ደነገጥኩ፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደግሞ መታት፣ ያው በታመመው። ከዛ ነው የገለጸልኝ፣ ነርቭህ ደህና ነው፣ የተበላሸው ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ ድምፁ በግንባርህ አጥንት በኩል ስለገባ ነው የሰማኸው አለኝ። ለስንት አመት ደንቁሬያለሁ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበርና የዛን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ኦፕሬሽኑ ከጆሮ ጀርባ ነው የሚከፈተው፣ ሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ወደ 4 ሰዓት ፈጀ። ስነቃ ራሴ ተጠምጥሟል። የኔ ብዙ ቦታ በልቶ ስለነበር የጆሮ ቱቦውን የኋላ ግድግዳ አውርደው አንድ ሰፊ ጉድጓድ አድርገውታል፣ እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ ወደፊት ሁሉንም በዓይኑ ያየዋል፣ በሽታው የሚደበቅበት ጥግ ያንሳል። ግን ዋጋ አለው። ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ያዞረኛል፣ ቬንቲሌተር በቀኝ በኩል በቀጥታ ከነፋብኝ ራሱ ያዞረኛል፣ ስለዚህ የመኪናዬን መስኮት የምከፍተው አስቤ ነው። ለሁለት ወር ያህል ደግሞ የምላሴ ቀኝ ጎን ሳንቲም የላሰ ሰው ነበር የሚመስለው፣ ሾርባው ሻዩ ሁሉ ብረት ብረት ይላል። የጣዕም ነርቭ እዛ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው አሉኝ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ።

አሁን ዋናው። በየ6 ወሩ እየመጣህ ትጠረጋለህ ብለውኝ ነበር። እኔ ደረቀ፣ ዳንኩ ብዬ ሁለት አመት ቀረሁ። ስራ ነው፣ መንገድ ነው፣ ምናምን። ሁለት አመት ቆይቶ ያ ሽታ መጣ። ከጥግ የቀረች ትንሽ ቆዳ አድጋ ኖሮ ሁለተኛ ገባሁ። ያ ሁለተኛው የኔ ጥፋት ነው፣ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። ኦፕሬሽን ከተሰራሽ ቀጠሮውን እንደ ደሞዝ ቀን ቁጠሪው።

---

ገንደ_ቆሬ_ልጅ · ሐሙስ

ሲስተር አላህ ይስጥሽ፣ ልጠይቅ። አባቴ 68 አመቱ ነው። የሱ ታምቡሩ ደህና ነው አሉን፣ ቆዳው የተጠራቀመው ከታምቡሩ ወዲህ የጆሮ ቱቦው ውስጥ ነው፣ የቱቦው ታችኛው አጥንት ተበልቷል አሉ። ህመሙ ድንዝዝ ያለ ነው፣ ኃይለኛ አይደለም፣ ግን አይለቀውም። እድሜ ልኩን በክብሪት እንጨት ነው ጆሮውን የሚኮረኩረው፣ ስንነግረው አይሰማም። ይሄም ኦፕሬሽን ነው?

---

ሲስተር_ሐረር · ሐሙስ ማታ

ይሄ የቱቦው ኮሌስቲያቶማ ነው የሚመስለው፣ ከሷ ያነሰ የሚያጋጥም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ በአንድ ጆሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ስር በየተወሰነ ወር እየጠረገ ሊይዘው ይችላል፣ አጥንቱ በጣም ከተበላ ወይ ተጠርጎ ከሚደረስበት በላይ ከጠለቀ ነው ኦፕሬሽን የሚባለው። ወንድሜ አንድ ነገር ግን አትለፍ፦ ህመሙ ማታ ማታ ካላስተኛው ወይም ደም ከመጣ ወይም ስጋ መሰል ነገር ከታየ ናሙና ይወሰድ ብለህ ጠይቅ። የቱቦ ቆዳ ካንሰር በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው፣ ግን መልኩ ይመሳሰላል፣ በናሙና ነው የሚለየው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ አለ፣ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ የሚደፍን የቆዳ ክምችት። እሱ ብዙ ጊዜ ወጣቶች ላይ ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ላይ፣ ህመሙ ድንገተኛና ኃይለኛ፣ መስማትም ይቀንሳል። እሱም በየጊዜው መጠረግ ነው መድሃኒቱ።

ክብሪት እንጨቱን በተመለከተ አባታችንን እንዲህ ብለህ ንገረው። የጆሮ ቱቦ ቆዳ በራሱ ይጓዛል፣ ከታምቡሩ መሃል ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ውጪ ይመጣል፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት አካባቢ ነው፣ ኩኩንም ይዞት ይወጣል። ጆሮ ራሱን የሚያጸዳ አካል ነው። እንጨት ስናስገባ ግን ያንን መልሰን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን፣ ቆዳውንም እንጭረዋለን። ስንኮረኩር ሳል ሳል የሚለን ደግሞ ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝ ነርቭ ቱቦው ውስጥ ስላለ ነው። እኔ ስራ ላይ ከጆሮ ውስጥ ያላየሁት የለም፣ የክብሪት ጫፍ፣ የጥጥ ቁራጭ፣ የእስክሪብቶ ክዳን።

---

እናት_አሸዋ · አርብ

እኔን ደግሞ አስፈራችሁኝ፣ የ6 አመት ልጄ ጆሮው መፍሰስ ከጀመረ 3 ሳምንት ሆኖታል። እሱም ይሄ ነው ማለት ነው??

---

ሲስተር_ሐረር · አርብ

አይደለም እናትዬ፣ አብሽሪ። የሚፈስ ጆሮ ሁሉ ኮሌስቲያቶማ አይደለም፣ አብዛኛው የልጆች ማፍሰስ ታምቡሩ ጀርባ መግል ተጠራቅሞ የቀደደው ነው፣ በደንብ ከታከመ ይዘጋል። ግን ከ2 ሳምንት ካለፈ በቤት የሚተው አይደለም፣ ውሰጂው።

እስከዛ ማድረቅ ነው ትልቁ ነገር፣ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ። ንጹህ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ወይ ሶፍት እንደ ጧፍ ቀጭን አድርገሽ ጠቅልይ፣ ጫፏን ጆሮው ውስጥ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ እስክትርስ ጠብቂ፣ አውጥተሽ ጣዪ፣ አዲስ አስገቢ፣ ደርቃ እስክትወጣ ድረስ። ውስጥ ትተሽ እንዳትሄጂ። ጠብታ ከታዘዘ ካደረቅሽ በኋላ ነው የሚጨመረው፣ መግል ላይ የተጨመረ ጠብታ አይደርስም። ሲታጠብ ጥጥ ላይ ቫዝሊን ቀብተሽ ጆሮውን ድፈኝ፣ ዋናም የለም ለአሁኑ። ታክሞ ታክሞ ከተመለሰ፣ በተለይ ሽታ ካለው፣ ያኔ በማይክሮስኮፕ ወይ በካሜራ ይታይልኝ በይ።

የት እንሂድ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ድሬ ያላችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ካርድ አውጥታችሁ የጆሮ ስፔሻሊስት መኖሩንና የሚያይበትን ቀን ጠይቁ፣ ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ጠይቁ፣ ከሌለ ሪፈር ይጻፍላችሁ። የጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን በደረጃው ይዛችሁ ሂዱ፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው።

---

የመጋላ_እናት · አርብ ማታ

ሲስተር ልጄ፣ ሁሉንም ልጄ አነበበልኝ። እኔ በደግ ነው የመከርኩት፣ እንዲህ አላወቅኩም። የጎረቤቴ ልጅ ላይ ዘይት ልናደርግ ነበር፣ ተውነው። ነገ ጤና ጣቢያ ይወስዷታል።

---

ቀፊራ_ሱቅ · ከ5 ወር በኋላ

ይሄን ክር ትቼው የሄድኩ መስሏችሁ ይሆናል፣ አልተውኩትም። ያኔ የሳቢያኑን ወንድሜን ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «የዚህ ሰው እናቱ ምን አለች?» አለችኝ። ከዛ ራሷ ሻንጣ አወጣች።

አዲስ አበባ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። መሃለኛዋ አጥንት ተበልታ የለችም፣ የሚዛን ቱቦው ሽፋንም ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበር፣ ሲስተር የፈራችው በትክክል እሱ ነው። ሐኪሙ ያንን ቦታ ሸፍኖታል። የኔ ግድግዳው አልወረደም፣ ስለዚህ ውስጥ የተደበቀ ቀሪ እንዳለ ለማየት አመት አካባቢ ላይ ወይ ድጋሚ ይከፈታል ወይ ቆዳውን ለይቶ በሚያሳይ ኤምአርአይ ይታያል ብለውኛል። አጥንቷን በሰው ሰራሽ የሚተኩልኝ ያኔ ነው፣ ንጹህ መሆኑ ሲረጋገጥ። ስለዚህ መስማቴ ገና አልተመለሰም፣ ይሄን አልደብቃችሁም።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች፣ ዝም ብላ ፊቴን ታያለች። «ሳቂ» አለችኝ። ሳቅኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ»። ጨፈንኩ። «ጉንጭሽን ንፊ»። ነፋሁ። ነርሷ የምትሰራውን አይታ ነው ያጠናችው። ከዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ለካ ከዋዜማው ጀምሮ አልተኛችም ነበር።

ለተወሰኑ ሳምንታት አፍንጫዬን በኃይል እንዳልናፈጥ፣ ሳስነጥስ አፌን እንድከፍት፣ ከባድ እንዳላነሳ፣ ውሃ እንዳላስነካ፣ አውሮፕላን እንዳልሳፈር ነገሩኝ፣ በባቡር ተመለስን። አሁን ደርቋል። ትራሴ ንጹህ ነው። ሻሽ ግን አሁንም በግራ በኩል ነው የማወርደው፣ እጄ ለምዶ።

---

ገንደ_ቆሬ_ልጅ · በማግስቱ

አልሐምዱሊላህ እህቴ! አባቴ ናሙናው ንጹህ ሆነ፣ በየ4 ወሩ ይጠረግለታል። ቀጣዩ አዲስ አበባ ነው፣ ግንቦት 14። ክብሪቱን ከቤት አጥፍተን ላይተር ገዝተናል። ያንቺስ ቀጠሮ መቼ ነው?

---

ቀፊራ_ሱቅ · በማግስቱ

ግንቦት 15 ነው የኔ። በባቡር ከሆናችሁ አብረን እንሂድ፣ እናቴ ከአባባ ጋር ትቀመጣለች፣ አንተ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ትቀመጣለህ። ቲኬቱን ቀድመን እንያዝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።